ኢንተርቪው፣ ጭንቀትና ማስታወስ፦ አእምሯችንን እንዴት እንጠብቅ?

(በካምፑ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት የቀረበ ትምህርት)

ባለፉት ዝግጅቶቻችን ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሕፃናት ክትባት ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሳው በደም ምርመራ የማይታይ፣ ነገር ግን በየቤታችን የገባ ሕመም ነው። እርሱም ከኢንተርቪው፣ መልስ ከመጠበቅና ከ«ሪጀክት» ጋር የሚመጣው ጭንቀት ነው። በሬዲዮ ከተላለፈ በኋላ ብዙዎቻችሁ «በጽሑፍ ብታወጡት» ስላላችሁን እነሆ አዘጋጅተነዋል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች እባካችሁ አንብቡላቸው።

ይህን ርዕስ እንድመርጥ ያደረገኝ በክሊኒክ የማየው ነገር ነው። አንድ ሰው «ራሴን ያመኛል» ብሎ ይመጣል። የወባ ምርመራ ይደረግለታል፤ የለበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ጨጓራዬ ተቃጠለ» ብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም» ይላል። በመጨረሻ ቁጭ ብለን «መቼ ጀመረህ?» ስለው፣ ዝቅ ብሎ መሬት መሬቱን እያየ «የኢንተርቪው ቀጠሮ ከተሰጠኝ ጀምሮ» ይላል። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፣ አልቀበጠም፣ አላበደምም። አካሉ የሚያውቀውን አደጋ ዳግመኛ እየጠበቀ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ጦርነትና ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች መካከል አንዱ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ስለዚህ 5 ሰው በሚኖርበት በእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ሊኖር ይችላል ማለት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሕጉ ራሱ ስለ ስሜት ይናገራል

ብዙዎቻችን ሕግ ወረቀትና ማህተም ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በ1951 የወጣው የስደተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ስደተኛ ማን እንደሆነ ሲናገር መካከል ላይ ያስቀመጠው ቃል «ፍርሃት» የሚለውን ነው። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በአንድ የኅብረተሰብ ክፍል አባልነቱ ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበት ሰው ስደተኛ ነው ይላል። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ ከጦርነትና የሕዝብን ሰላም በእጅጉ ከሚያናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ይጨምራል። የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግም ሁለቱንም ይዟል። እዚህ አገር ኢንተርቪው አድርጎ ውሳኔ የሚሰጠው የመንግሥቱ የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ፣ በተለምዶ «ዲአርኤስ» የምንለው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ኢንተርቪው አድራጊው የሚጠይቃችሁ ስለ ፍርሃታችሁ ነው። ስለ ፍርሃት መናገር ደግሞ ፍርሃቱን መልሶ ይቀሰቅሳል። ፍርሃቱ ሲቀሰቀስ ማስታወስ ይከብዳል። ማስታወስ ሲከብድ ንግግራችን ይዘበራረቃል። ከዚያ «ውሸታም ይሉኛል» የሚል ሌላ ፍርሃት ይጨመራል። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ዙሪያ ገብ ችግር እንዴት እንደምናቋርጠው ነው።

ለምን ቀን ይጠፋብናል?

በአእምሯችን ውስጥ አደጋን የሚጠብቅ ክፍል አለ። እንደ ግቢ ውሻ አስቡት። አደጋ ሲመጣ ይጮሃል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይልበዋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይታወካል። ይህ ሁሉ እንድንሮጥ ወይም እንድንታገል የተሰጠን ነው። ሌላ ደግሞ ነገሮችን በጊዜና በቦታ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ ክፍል አለ፤ እርሱን እንደ መዝገብ ቤት አስቡት። ውሻው ሲጮህ መዝገብ ቤቱ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ስለዚህ በዚያች ክፉ ሰዓት የተቀመጠው ነገር የተቆራረጠ ይሆናል። የጫማ ድምፅ፣ የጭስ ሽታ፣ የአንድ ሰው የሸሚዝ ቀለም ከ20 ዓመት በኋላ ቁልጭ ብሎ ይታየናል። «ቀኑ ስንት ነበር? ስንት ሰዎች ነበሩ?» ስንባል ግን ባዶ ይሆንብናል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2002 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ነበር። አጥኚዎቹ ከኮሶቮና ከቦስኒያ የመጡ 39 ስደተኞችን ሁለት ጊዜ ጠየቋቸው። እነዚህ ሰዎች ፈቃዳቸውን አስቀድመው ያገኙ ስለነበሩ ለመዋሸት ምንም ምክንያት አልነበራቸውም። ሆኖም የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቃላቸው በብዙ ቦታ ተለያየ። በተለይ ከዋናው ነገር ይልቅ በዳር ዳሩ፣ ማለትም በጥቃቅን ዝርዝሮች ላይ ልዩነቱ በዛ። ያለፈው መከራ ጭንቀት የጸናባቸው ሰዎች ደግሞ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ጊዜ ሲያልፍ ልዩነቱ ይበልጥ ጨመረባቸው። አጥኚዎቹ የደረሱበት ነገር፣ ቃል ስለተለያየ ብቻ ሰው ዋሸ ማለት እንደማይቻል ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ማለትም ዩኤንኤችሲአር፣ በ1979 ያወጣው የአሠራር መመሪያም ከዚህ ጋር ይስማማል። እውነቱን የማጣራት ሥራ የአመልካቹ ብቻ ሳይሆን የጠያቂውም ጭምር እንደሆነ ይናገራል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሲያጋጥም የሐኪም አስተያየት እንዲጠየቅም ይመክራል። ስለዚህ «ረሳሁ» ማለት የኬዝ መጨረሻ አይደለም።

የእናቴ ሁለት ሰዓት

አሁን የራሴን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። እናቴ ፈቅዳልኛለች፤ «ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ተናገሪው» ብላኛለች።

ልጅ ሳለሁ አባቴን ሰዎች ከቤት ወሰዱት። እናቴ በመጀመሪያው ኢንተርቪው «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ» አለች። አስተርጓሚው ቃል በቃል «ሁለት ሰዓት» ብሎ ተረጎመው፤ ጠያቂውም በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ብሎ ጻፈው። ይህ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በሁለተኛው ኢንተርቪው እናቴ «እራት ላቀርብ ስል ነበር፣ ልጆቹም አልተኙም ነበር» አለች። ጠያቂው ገረመውና «በዚያ ሰዓት ልጆች ለምን ነቅተው ነበር?» አላት። አስተርጓሚው መልሶ «ማታ ሁለት ሰዓት ልጆች ለምን አልተኙም?» አላት። እናቴ የምትመልሰው ጠፋት። «ማታ ሁለት ሰዓት የሚተኛ ልጅ የት አለ? ይቀልዱብኛል» ብላ አሰበች። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ለተጠየቀችው ሁሉ «አላውቅም» ብቻ ሆነ መልሷ።

ሪጀክት ተደረገች። ደብዳቤው ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል ይላል። እንግሊዝኛ ስለማታነብ የቱ እንደተጋጨ አላወቀችም። «አእምሮዬ ተነክቷል፣ ልጆቼን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» እያለች ወራት ራሷን ወቀሰች። ቡና ማፍላት ተወች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። እኔም እንዳላስቸግራት ድምፄን ዝቅ አድርጌ መጫወት ተማርኩ። በመጨረሻ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ደብዳቤውን ጠይቀው መስመር በመስመር አነበቡላት። ሰዓቷ ላይ ሲደርሱ ቆሙና «አንቺ፣ ይህ እኮ የሰዓት ጉዳይ ነው!» አሏት። ይግባኝ ተጻፈ፣ ነገሩ ተብራራ፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ተቀባይነት አገኘች።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የእናቴ አእምሮ ደህና ነበር፤ የተሳሳተው የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ሁለተኛው፣ መፍትሔው የመጣው በሯን ላንኳኳው ጎረቤት ስለከፈተች ነው። ብቻዋን ብትቀር ኖሮ ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ፍራሽ ሥር ይቀመጥ ነበር።

ሰዓት፣ ዘመንና ዝምድና

ስለዚህ ከኢንተርቪው በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች አስተካክሉ።

1ኛ. ሰዓት። በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው። የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። በስዋሂሊም ሰዓት እንደ እኛ ይቆጠራል፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን ይለወጣል። ሰዓት ስትናገሩ «በእኛ አቆጣጠር» በሉና ምልክት ጨምሩበት፦ «ፀሐይ ሳትወጣ»፣ «ከእራት በፊት»፣ «የጁምዓ ሶላት ሲያልቅ» እንደማለት።

2ኛ. ዘመን። የእኛ ዘመን ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። ልዩነቱ በዓመቱ ውስጥ ስለሚለዋወጥ ያሳስታል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2005 ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1998 ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ነው። በመካከሉ 5 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ በፈረንጁ ግን ዓመቱ ተለውጧል። ስለዚህ በጭንቅላታችሁ አትለውጡ። በምታውቁት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናገሩና «ይህ የኢትዮጵያ ዘመን ነው» ብላችሁ አስመዝግቡ። ቀኑን ካላወቃችሁ በበዓልና በወቅት ተናገሩ፦ «ከጥምቀት በኋላ»፣ «በረመዳን መጨረሻ»፣ «ጤፍ ሲታጨድ»።

3ኛ. ዝምድና። እኛ የአጎትን ልጅም፣ አብሮ አደግንም «ወንድሜ» እንላለን። ያሳደገችንን አክስት «እናቴ» እንላለን። ፎርም ላይ ግን «ወንድም» ማለት ከአንድ እናት ወይም አባት የተወለደ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን 3 ወንድሞች፣ በሁለተኛው 1 ወንድም ካላችሁ ጥያቄ ይነሳል። እንዲሁም እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የአንድ ቤት ባልና ሚስት ስማቸው የማይገጥመው ለዚህ እንደሆነ አስረዱ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን»

ሌላው ከአስተዳደጋችን የሚመጣ ነገር ነው። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለን፣ ቤታችን ቢቃጠልም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። ይህ መልካም ባህል ነው። ኢንተርቪው ላይና ሐኪም ፊት ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ሐኪሙ ወይም ጠያቂው «ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ምስጋናችሁን አስቀድሙና ቀጥሎ እውነቱን ጨምሩ፦ «ተመስገን፤ ነገር ግን ሌሊት አልተኛም፣ ያ ነገር በሕልሜ ይመጣል» በሉ።

ልክ እንዲሁ እኛ በትልቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ዝቅ ማድረግ ትሕትና ነው፤ የሌላ አገር ሰው ግን መደበቅ ሊመስለው ይችላል። «በእኛ ባህል ይህ አክብሮት ነው» ብላችሁ መናገር ትችላላችሁ። በሴትም በወንድም ላይ የተፈጸመ የመደፈር ጥቃት ካለ ደግሞ ገመና ነው ብለን ሆዳችን ውስጥ እንቀብረዋለን። ይህን የማውቀው በክሊኒካችን ከዓመታት በኋላ የሚናገሩ ሰዎችን ስለማይ ነው። ዘግይቶ መናገር ኃጢአት አይደለም። ጠያቂውና አስተርጓሚው ሴት እንዲሆኑ፣ ወይም ወንድ እንዲሆኑ መጠየቅ ይቻላል። ከቀጠሮው ቀን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከኢንተርቪው በፊት

ከሳምንት በፊት ጀምሮ የሕይወታችሁን ዋና ዋና ነገሮች በቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። መጻፍ የማይችል ለሚያምነው ሰው ያስጽፍ። በቃል ለመሸምደድ አይደለም፤ መዝገብ ቤቱን ለማገዝ ነው። የከበደ ነገር ሲመጣባችሁ ቆም በሉ፣ ተነሥታችሁ ውሃ ጠጡ፣ በሌላ ቀን ቀጥሉ። ማታ በመኝታ ሰዓት አትጻፉ፤ እንቅልፍ ይነሳል።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ ቡና አትጠጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መሰብሰቡ መልካም ነው፣ ቡናው ግን ልብ ምትን ይጨምራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ያንን እንደ አዲስ አደጋ ይቆጥረዋል። ጫትና አረቄም እንዲሁ። ጫት የሚያነቃ ቢመስልም እንቅልፍ ነሥቶ በማግስቱ ያደነዝዛል። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ በሌሊት ግን ያባንናል። በዕለቱ ጠዋት፣ ራሽኑ ያነሰ ቢሆንም፣ ሻይ በዳቦም ቢሆን ቅመሱ። ባዶ ሆድ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ይብስ ያንቀጠቅጠዋል።

ኢንተርቪው ላይ

እነዚህ ሁሉ የተፈቀዱላችሁ ናቸው፦

- አስተርጓሚው ካልገባችሁ ወይም ካላመናችሁት በመጀመሪያ መናገር።
- ጥያቄው ካልገባችሁ «ድገሙልኝ» ማለት።
- የማታስታውሱትን «አላስታውስም» ማለት። በግምት ቀን ከመፍጠር ይህ ይሻላል። ግምት ከሆነ «በግምት ነው» በሉ።
- ሲከብዳችሁ ዕረፍትና ውሃ መጠየቅ።
- ማልቀስ። ማልቀስ አያስቀጣም፤ አለማልቀስም ውሸታም አያደርግም። ሐዘን በየሰው ይለያያል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ይደርቃል።
- በመጨረሻ የተጻፈው እንዲነበብላችሁ መጠየቅና ስሕተት ካለ ማስተካከል። እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ!

በመካከል ድንገት ያ ቦታ ላይ የተመለሳችሁ ከመሰላችሁ እንዲህ አድርጉ። ሁለቱንም እግራችሁን መሬት ላይ ተጫኑ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አምስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በዓይናችሁ የምታዩአቸውን 5 ነገሮች በልባችሁ ጥሩ፦ ጠረጴዛ፣ እስክሪብቶ፣ በር፣ መስኮት፣ የገዛ እጃችሁ። ይህ ለአእምሯችሁ «አሁን እዚህ ነኝ፣ ያ አልፏል» ብሎ ይነግረዋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ተለማመዱት፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይያዝም።

የሰው ታሪክ አትግዙ

ይህን ስናገር የሚቆጣኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በካምፑ ውስጥ «ጥሩ ኬዝ» በገንዘብ የሚሸጡ አሉ። የተገዛ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በሕግ በኩል ሲደረስበት እውነተኛውንም ያሳጣል። በጤና በኩል ደግሞ ሰውየው በሌሊት የሚያቃዠውን የራሱን መከራ ደብቆ፣ የማያውቀውን የሌላ ሰው መከራ ሲሸመድድ ያድራል። ያልኖሩበትን ነገር መጠበቅ አድካሚ ነው። የራሳችሁ ታሪክ ቀዳዳ ቢኖረውም የራሳችሁ ነው። ምዝገባውም፣ ኢንተርቪውም፣ ሪሴትልመንትም ክፍያ የላቸውም። ገንዘብ የጠየቃችሁ ማንም ቢሆን ልክ አይደለም።

መጠበቅና ሪጀክት

ካኩማ ካምፕ የተከፈተው በ1992 ነው። እዚህ ተወልደው እዚህ የተዳሩ አሉ። መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆኖብናል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟ እንዲቆም ስትወስን፣ የበረራ ቀን የተቆረጠላቸው፣ ዕቃቸውን ሸጠው የተሰናበቱ ሰዎች ሳይቀሩ ቀርተዋል። እንዲህ ያለው ሐዘን ሬሳ ስለሌለው ለቅሶ አይደረስለትም። እኔ ግን ለቅሶ ይደረስለት እላለሁ። ጉዞው የተሰረዘበት፣ ሪጀክት የመጣበት ቤት ቡና ይዛችሁ ግቡ። «አይዞህ፣ ይሻላል» ብላችሁ ለመሮጥ አትቸኩሉ፤ ቁጭ በሉ።

ሪጀክት የደረሳችሁ፣ ሦስት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ ደብዳቤው ኬዛችሁን እንጂ ሰውነታችሁን አልመዘነም። ሁለተኛ፣ ይግባኝ የቀን ገደብ አለው፤ ገደቡ ደብዳቤው ላይ አለ። ኀዘን ሰውን አልጋ ላይ ስለሚጥል ቀኑ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን በዚያው ቀን የሚያነብ ሰው ፈልጉና አስነብቡ፣ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮም ሂዱ። ሦስተኛ፣ በጭንቀት ሕመም ታክማችሁ ከነበረ የክሊኒክ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠበቃው ሊጠቀምበት ይችላል።

ለምትጠብቁ ሁሉ ደግሞ፦ ቀኑን ለቀጠሮ ብቻ አትስጡት። በተወሰነ ሰዓት ተነሡ። በቀን አንድ የምትጨርሱት ሥራ ይኑራችሁ፦ ግቢ መጥረግ፣ ጎመን ማጠጣት፣ ልጅ ማስጠናት። የወሬ ስልክ ላይ ሌሊቱን አትደሩ። ልጆች ፊት ስለ ኬዝ አትጣሉ። አልጋ ማርጠብ የጀመረ፣ ትምህርት የጠላ፣ ከእናቱ ቀሚስ የማይለይ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም፤ የእኛን ጭንቀት እየሸተተ ነው። በዕድሜው ልክ እውነቱን ንገሩት እንጂ አትግረፉት።

ጎረቤታችንን እንዴት እንርዳ?

ለዚህ ዲፕሎማ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ዕርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ።

ተመልከቱ፦ ከሰው የተገለለ፣ ራሽን ለመቀበል የማይወጣ፣ ንጽሕናውን የተወ ማን ነው? አድምጡ፦ «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ አታፋጥጡት። «ሰሞኑን ጠፋህብን፣ ናፈቅኸን፣ ቡና እናፍላ» በሉት። ሲናገር አታቋርጡ፤ «የእኔስ ከዚህ ይብሳል» አትበሉ፤ የሰማችሁትንም ከዚያ ግቢ አታውጡት። አገናኙ፦ ብቻውን «ክሊኒክ ሂድ» ከማለት «ነገ አብረን እንሂድ» በሉት።

ጸበል፣ ጸሎትና ዱዓ ለብዙዎቻችን ኃይል ይሰጣሉ፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበል ሲሄድ መድኃኒቱን አያቋርጥ። የታመመን ሰው ማሰር ወይም መምታት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ሞት ያሰበ ሰው ካለ

ይህን ቃል በሬዲዮ ስናገር ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ቢሆንም መነገር አለበት። አንድ ሰው «ብሞት ይሻለኛል»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ካለ፣ ወይም ድንገት ዕቃውን ማከፋፈልና መሰናበት ከጀመረ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ገመዱን፣ ስለቱን፣ መርዙንና ትርፍ መድኃኒቱን ከአጠገቡ አርቁ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ካምፑ ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።

«ፖሊስ ያስረዋል» ብላችሁ ለምትሰጉ፦ በኬንያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 226 ራስን ለማጥፋት መሞከርን ወንጀል ያደርግ ነበር። በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወስኗል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ሕክምና ነው። እኛም ቁስሉን እንጂ ጥፋቱን አንጠይቀውም።

መቼ ወደ ክሊኒክ ልምጣ?

- ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ቀን በቀን 2 ሳምንት ከቆየ፤
- ቅዠቱና ድንጋጤው ከ1 ወር በላይ ከዘለቀ፤
- መብላት፣ መተኛት ወይም ልጅ መንከባከብ ካቃታችሁ፤
- ለመተኛት በየቀኑ መጠጥ ካስፈለጋችሁ፤
- ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማችሁ፤
- ስለ ሞት ካሰባችሁ፤ ለዚህ አንድም ቀን አትጠብቁ።

ስትመጡ ካውንስለር እንዲያነጋግራችሁ ጠይቁ። መድኃኒት የሚሰጠው ለሁሉም አይደለም፤ ለብዙዎች ምክርና ድጋፍ ይበቃል። የድብርት መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ለመሥራት ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈልግ «በሦስት ቀን አልተሻለኝም» ብላችሁ አትጣሉት። ሲሻላችሁም ሐኪሙ ሳያዝ በራሳችሁ አታቁሙት።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ እናቴ ዛሬ በየቅዳሜው ቡና ታፈላለች። ደብዳቤ የመጣለት ሰው ይዞ ይመጣል፤ ማንበብ የሚችል ያነባል፣ የማይችል ያዳምጣል። መጀመሪያ የምትጠይቃቸው «ሰዓቱን በማን አቆጣጠር ነው የጻፉት?» ብላ ነው። ሰዎቹ ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን የራሳቸውን መናገር ይጀምራሉ።

በየብሎካችሁ እንዲህ ያለ አንድ የቡና ቤት ይኑራችሁ። ይህንን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት፤ የኢንተርቪው ቀጠሮ ላለው ሰው አሳልፉት። ጥያቄ ያላችሁ በክሊኒክ ጠይቁን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እንመልሳለን።